«ምሳ ቀርቧል በላቸው»

የባልና የሚስት ሞኝነት በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚደረድረው ክስ የታወቀ ነው። ባል የወር ደመወዙን ግሮሰሪ አራግፎ ይገባና ሚስቱን የሽንኩርት ሒሳብ ይጠይቃል። ሚስት ለእኅቷ ሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ በዱቤ ታሰፋለች፤ ቀሚሱን ሁለተኛ ሳትለብሰው ዕዳውን ዓመት ሙሉ ትከፍላለች። አንዱ የሌላውን ስልክ በእንቅልፍ ሰዓት ይበረብራል። ለሁለት ቀን ድግስ ተብሎ በብድር የተመሠረተ ጎጆ፣ ብድሩ ተከፍሎ ሳያልቅ ራሱ ያልቃል። እነዚህን ሁሉ ቧልተኛ ቀልዶባቸዋል፤ ሰባኪ ገሥጿቸዋል፤ ሽማግሌም መክሮባቸዋል። እኔ የምጨምረው የለኝም።

የእኔ ጠብ ማንም ከማይከሰው፣ እንዲያውም ከሚከበረው ሞኝነት ጋር ነው። ስሙ ኩርፊያ ይባላል። ቁጣ እስኪበርድ ለአንድ ሰዓት ፊትን ማዞር ማለቴ አይደለም፤ እርሱ የሰው ወግ ነው። እኔ የምለው በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ አልጋ ላይ፣ ከአንድ ትሪ እየቆረሱ ለሳምንታት፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ቃል ሳይለዋወጡ መኖርን ነው። ይህ ነገር በአገራችን የጨዋነት ምልክት ተደርጎ መቆጠሩ ያስቆጣኛል፤ የዚህ ጽሑፍ መነሻም ከቁጣዬ ሌላ አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ቋንቋችን ከእኛ ይልቅ ሐቀኛ ነው። «ዘጋችው» እንላለን፤ «ዘጋት» እንላለን፤ ሁለቱም እኩል ሲሆኑ «ተዘጋግተዋል» እንላለን። በር የሚዘጋበትን ግስ ነው ለሰው ያዋልነው። በር የሚዘጋው ግን ሌባና ጅብ ውጭ እንዲቀሩ ነው፤ እነዚህ የዘጉት ሰው ያለው ውስጥ ነው። ሽሮ ይበላል፤ ያስላል፤ ሌሊት ብርድ ልብስ ይጎትታል። «ያኮረፈ ምሳው እራቱ ይሆነዋል» ያሉት አባቶች አኩራፊን ሆዱን በማስራብ ቀልደውበታል። በዛሬው ቤት አኩራፊ ምሳውን በሰዓቱ ይበላል። የሚራበው ሌላ ነገር ነው።

እንግዳ ሲያንኳኳ ደግሞ ያንን ቤት ማየት ነው! ሦስት ሳምንት ተዘጋግተው የሰነበቱት ባልና ሚስት በአንድ ጊዜ አንደበታቸው ይፈታል። «እስቲ ጨምሪለት እንጂ» ይላል እርሱ። «አንተም ብላ እንጂ፣ ስትለፋ ውለህ» ትላለች እርሷ። እንግዳው ጠግቦ፣ መርቆ፣ «ትዳርስ እንዲህ ነው!» ብሎ ይወጣል። በሩ ከኋላው ሲዘጋ ሁለቱ አፎች አብረው ይዘጋሉ። ይህን የሚያህል ትወና በመድረክ ላይ ያየሁ አይመስለኝም። አስተውሉ እንግዲህ፤ መናገር አቅቷቸው አልነበረም። ለእንግዳ ሲሉ የቻሉትን ነገር ነው እርስ በርስ የተነፋፈጉት። ገበና መሸፈን የሚባለውም ይኸው ነው፤ ገበናው ምንድን ነው ተብሎ ቢመረመር ግን ከዝምታው በቀር ምንም አይገኝበትም። ሽማግሌ ገብቶ «እስቲ የጠቡ መነሻ ምን ነበር?» ሲል ሁለቱም ወለሉን የሚያዩት ለዚህ ነው። አንዱ «እርሷ ታውቀዋለች» ይላል፤ ሌላዋ «እርሱን ጠይቁት» ትላለች። መነሻው ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀረው ልማዱ ነው።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ነን፤ እንግዲያው የራሳችንንም ድርሻ እንመን። ያኮረፈ ሰው ፈጽሞ ዝም አይልም፤ ይተርታል እንጂ። ሚስት ለድመቷ «አንቺስ ደግ ነሽ፤ የበላሽበትን ቤት ታውቂያለሽ» ትላታለች። ጎረቤት ጠርታ ቡና እያፈላች፣ አቦሉን እየቀዳች፣ ባሏ ጥግ ይዞ ሬዲዮ እያዳመጠ፣ «ዘንድሮ እኮ ወንድ ጠፋ» ትላለች። ባልም በበኩሉ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርግና «ኧረ ይሄ ሁሉ ወሬ!» ይላል፤ ለጋዜጠኛው መሆኑ ነው። ሰሙ ለድመትና ለሬዲዮ፣ ወርቁ ለትዳር ጓደኛ። ሰምና ወርቅን የሚያህል ጥበብ ከቅኔ ቤት አውጥተን፣ ማጀት አስገብተን የጎን ውጋት አደረግነው። ከእኛ ዘንድ «ከፍቶኛል» ብሎ በቀጥታ መናገር መዋረድ ነው፤ «በድዬሻለሁ» ማለትም መሸነፍ ነው። ነገር ወርውሮ ፊትን ማዞር ግን ብልሃት ይባላል፤ «አነጋገር ታውቃለች» ተብሎም ይመሰገናል። ቅኔ የሚዘርፍን ሰው ማድነቃችን መልካም። በገዛ ቤቱ ግን ቅኔ የሚዘረፍበት ባል ወይም ሚስት ፈቺ መሆን ሳይሆን መጥፋት ነው የሚያምረው።

መጻሕፍታችንስ? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» በጋብቻ ይጠናቀቃል። የመንግሥቱ ለማ ሁለት ኮሜዲዎች፣ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ»፣ ሰው እንዴት ይጋባል፣ ማን ከማን ይጋባል በሚለው ላይ ያስቁናል። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱን ያስለቀሰው «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ቢሆን፣ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ጎጆ ወጥተው፣ ወጡ ጨው በዛበት አልበዛበትም ተባብለው ለመኳረፍ ዕድሜ አላገኙም። (የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን ቤት የሚያነሣብኝ አንባቢ ቢኖር እጄን እሰጣለሁ፤ ነገር ግን መጽሐፉን ዘግተን የምናለቅሰው ለእነርሱ አይደለም።) ስለ ናፍቆት ብዙ ተቀኝተናል። ያልተገናኙ ሰዎች በብዕራችን ታድለዋል። ተገናኝተው ሃያ ዓመት በአንድ ማዕድ የተቀመጡት ምን እንደሚባባሉ፣ ይልቁንም ምን እንደማይባባሉ፣ ግን ለቀልደኛ ተውነዋል።

ከታሪክ ደግሞ ሁላችንም የምናደንቀው አንድ ወግ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ የደጃዝማች ውቤን ልጅ፣ ጥሩወርቅን አግብተው ነበር። ውቤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ተነሥተው የታሰሩት በእኒሁ ንጉሥ እጅ ነው። ሲተረክ እንደኖረው፣ ንጉሡ ወደ እልፍኝ ሲገቡ እቴጌይቱ ዳዊት እየደገሙ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ቀሩ፤ ስለ ምን ቢባሉም ከእርስዎ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርኩ ነው ሲሉ መለሱ። እሰይ እንላለን። እኔም ለብዙ ዘመን እሰይ ብያለሁ። ኋላ ግን አሰብኩበት፤ አባቷን በሰንሰለት ያኖረባትን ሰው ያገባች ሴት ከዳዊቷ በቀር ምን መሣሪያ ነበራት? ቃል የተነፈገ ሰው ዝምታውን ቢስል ያ ኩርፊያ አይደለም፤ አመፅ ነው። ቢሆንም ዋጋው ቀላል አልነበረም። ንጉሡ ወይዘሮ የተመኙን ወደ እልፍኛቸው አስገቡ። መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ስትወድቅ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ ጥሩወርቅም ከአንድ ወር በኋላ በመንገድ ላይ ታመው አረፉ። ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም.፣ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ከሰው አገር ሳይመለስ ቀረ። ስለ እናቱ ኩራት የምንተርከውን ያህል፣ በዚያ ዝምታ መካከል ስላደገው ሕፃን አንተርክም።

ለአያቶቻችንም ይኸው ፍርድ ይገባቸዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ፣ ሚስት ሕጋዊ በሆነው ትእዛዙ ሁሉ እንድትታዘዘው ደንግጎ ነበር። ባል ሠራተኛ ሊቀጥርላት አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራም ጽፎባት ነበር። እንዲህ ያለ ሕግ በራሷ ላይ ለተጻፈባት ሴት ማኩረፍ ይግባኝ ማለት ነው። አኩርፋ ወደ አባቷ ቤት ስትሄድ ሽማግሌ ይላክ ነበር፤ ካሳ ይቆረጥ ነበር፤ በሌላ ጊዜ የማይሰማው አቤቱታዋ ያን ጊዜ ይሰማ ነበር። ይህንን ዝምታ አልነቅፍም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ያንን የበላይነት ሽሮ፣ በቤተሰብ አስተዳደር ባልና ሚስት እኩል ናቸው አለ። ፍቺ ሲጠየቅም ፍርድ ቤቱ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ሦስት ወር! ለመፋታት የቆረጡ ሰዎች እንዲያስቡበት ሕግ የሚሰጠው ጊዜ ይህ ሲሆን፣ ላለመፋታት የወሰኑት ግን ሁለት ፋሲካ ተዘጋግተው ያልፋሉ። ሕጉ ለሁለቱም አንደበት ሰጠ፤ እኛ ግን የአያቶቻችንን ዱዳ መሣሪያ ከነዝገቱ ወርሰን፣ እነርሱ የያዙበትን ምክንያት ረስተነዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ የወንዱ ኩርፊያ ነው። አያቴ ብታኮርፍ ምክንያት ነበራት። አያቴ ወንዱስ ምን ጎድሎት ነበር? ሕጉ የእርሱ፣ ዳኝነቱ የእርሱ፣ መሶቡ ቀድሞ የሚከፈተው ለእርሱ። ሆኖም ወጡ ቀዘቀዘ ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሦስት ቀን ይተኛል። «ወንድ ልጅ ብዙ አያወራም» ይሉናል። እንግዲያውስ ግሮሰሪ ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያወራው ማን ነው? ስለ ኳስ፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ሰው ሚስት ሳይቀር የሚተነትነው ማን ነው? አላወራም የሚለው ለአንዲት ሴት ብቻ ከሆነ፣ ያ ጠባይ አይደለም፤ ቅጣት ነው። ቅጣት ደግሞ ለበደለ ሰው የሚሰጥ ነው፤ በደሉም ይነገረዋል። ክሱ ሳይነበብለት የሚቀጣ ሰው በችሎት ቢገኝ አገር ይጮኻል። በቤት ሲሆን «ጨዋ ሰው ነው፣ ክፉ አይወጣውም» እንላለን።

ስልክ መጥቶ ነገሩን ያቃልለዋል ብዬ ነበር፤ አባሰው። ዓረብ አገር ሠርታ ገንዘብ በምትልክ ሚስትና አዲስ አበባ በቀረ ባል መካከል ኩርፊያው ባሕር ተሻጋሪ ሆኗል። መልእክቱ መነበቡን በቴሌግራም ሁለቱ ጭረቶች ይመሰክራሉ፤ መልስ የለም። የድሮው አኩራፊ ቢያንስ ሲያስል ይሰማ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጠንከር ያለ ክርክር ይነሣብኛል። «ቢነጋገሩ ይጣላሉ፣ ቢጣሉ ይደባደባሉ፤ ዝምታ ከዱላ ይሻላል» ይሉኛል። ከዱላማ ይሻላል። ዱላ ባለበት ቤት ዝም ያለች ሴት ግን አላኮረፈችም፤ ፈርታለች። እርሷ የምትፈልገው የእኔን መጣጥፍ ሳይሆን ከዚያ ቤት የሚያወጣትን ሰው ነው። እኔ የምናገረው ማንም ማንንም ስለማይፈራበት ቤት ነው። በዱላና በዝምታ መካከል ሰፊ አገር አለ፤ ሰዎች የሚጨቃጨቁበት፣ ድምፅ ከፍ የሚያደርጉበት፣ «ተሳስተሃል»፣ «አንቺም ብትሆኚ» የሚባባሉበት፣ እንጀራው ሳይቀዘቅዝም የሚስቁበት አገር። ጎረቤት ይሰማናል ብለን ያንን አገር ለቀን ወጣን። ጎረቤት ቢሰማስ?

ይህን ሁሉ የምለው ከመጽሐፍ ተነሥቼ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ሁለት ዓመት ያህል በአክስቴ ቤት ኖሬያለሁ። አክስቴን እትዬ፣ ባላቸውን ጋሼ እላቸው ነበር። እትዬ አንድ ክረምት ሙሉ በእንዝርት ፈትለው፣ ለሸማኔ ሰጥተው ጋቢ አሠሩ። ጋቢው የጋሼ ነበር። ጋሼ ጥቂት ቀን ለበሱትና፣ ከገጠር መጥቶ የሰነበተው ታናሽ ወንድማቸው ወደ አገሩ ሲመለስ ከትከሻቸው አውልቀው አለበሱት። ክፋት አልነበረበትም። ለጋስ ሰው ነበሩ፤ የማንን ክረምት እየሰጡ እንደሆነ ግን አላሰቡም። እትዬ ወንድምየውን እስከ ደጅ ሸኝተው ተመለሱ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለባላቸው አልተናገሩም። ጋሼም ምን ሆንሽ ብለው አልጠየቁም። መጠየቅ ጥፋትን ማመን መሰላቸው።

እኔ የዘጠኝ ዓመት መልእክተኛ ሆንኩ። ቤቱ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። «ለጋሼህ ምሳ ቀርቧል በለው» ይላሉ እትዬ፤ ጋሼ ሦስት እርምጃ ርቀው ተቀምጠዋል። ዞር ብዬ «ጋሼ፣ ምሳ ቀርቧል» እላለሁ። «በኋላ እበላለሁ በላት።» ዞር ብዬ ይህንኑ እደግማለሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ «በለው» የሚለው «በላቸው» ሆነ፤ «በላት»ም እንዲሁ «በላቸው» ሆነ። አክብሮቱ በጨመረ ቁጥር ቤቱ ይቀዘቅዝ ነበር። አንቱታ እንደዚያ ሲበርድ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። የንስሐ አባታቸው በየጾሙ መግቢያ ይመጣሉ፤ ለእርሳቸውም ያው የእንግዳው ቴአትር ይታያል፤ ጠበል ረጭተው፣ መርቀው ይሄዳሉ።

ጋሼ ደጅ ሲቀመጡ ቃሉን ከማጀት እስከ ደጅ የማደርስበት ርቀት ስለሚኖረኝ፣ መልእክቱን ማሳመር ጀመርኩ። «ገንዘብ ካላቸው ለዘይት ይስጡ በላቸው» ስባል «እባክዎ ለዘይት ይስጡን ብለዋል» እላለሁ። የመጀመሪያው የፈጠራ ሥራዬ ይህ ሳይሆን አይቀርም። በዚያን ጊዜ ጋሼን እግራቸውን ያማቸው ነበር፤ ወደ ማታ ያብጣል። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እትዬ «ቡናውን ስጣቸው» ብለው ብቻ ላኩኝ። እኔ ሲኒውን እያቀበልኩ «እግርዎ እንዴት ዋለ ብለዋል» አልኩ። ጋሼ ሲኒውን እንደያዙ ቆዩ። ከዚያም ተነሥተው እያነከሱ እስከ ማጀቱ በር መጡና፣ ለመቃኑ የሚናገሩ ይመስል፣ «እግሬስ ዛሬ ይሻለዋል» አሉ።

እትዬ ከምጣዱ ቀና ሳይሉ፣ «ማን ጠየቃቸው?» አሉኝ።

ጋሼ ሲኒውን ደፉ ላይ አስቀምጠው ተመለሱ። እኔን አላዩኝም። ውሸቴን ለማንም አልተናገርኩም። እርቁ የራቀው በእኔ ምክንያት ነው ብዬ ስንት ዘመን እንደኖርኩ ዛሬም ለመናገር ይከብደኛል።

ጋሼ በሁለተኛው ዓመት፣ ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሌሊት አረፉ። ድንኳን ተተከለ፤ የዕድሩ ወንበር መጣ። የእትዬን ድምፅ በደንብ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። «አንተ» አሉ። ሁለት ዓመት ያልተጠራ ስም በየትንፋሹ ተጠራ። ስለ ጋቢው አነሡ፤ ስለ ክረምቱ አነሡ፤ ምነው አንድ ቀን ብትጠይቀኝ አሉ፤ ምነው ብነግርህ አሉ። እግርህ እንዴት ነው አሉ። አልቃሿ የምትቀበለው ጠፍቷት ዝም አለች። ወንድምየው ያንኑ ጋቢ ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ስለ ምን እንደሚለቀስ የገባው አይመስለኝም።

ከድንኳኑ ወጥተው እጃቸውን የሚታጠቡ ሁለት ጎረቤቶች ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«እንደነሱ ያለ ባልና ሚስት ከየት ይገኛል?» አለች አንደኛዋ።

«እውነትሽን ነው» አለች ሌላዋ። «ዐሥር ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር፣ አንድ ቀን ድምፃቸው ሲወጣ ሰምተን አናውቅም።»